ከቦኬ እስከ ፍቅር ሐይቅ፦ የመሸኛ ወግ

ፊልም ላይ እንዳየነው ከሆነ፣ ሰው ኑሮ ሲሰለቸው ሻንጣውን ሸክፎ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ይኖራል። ደስ ይላል! ችግሩ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ስለዚህ እኛም እንደ አቅማችን ወደ ሐይቅ ሄድን፤ ከቦኬ ወደ ሐዋሳ።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት አገኘን፤ ሌላኛችን በጋዜጠኝነት ተመርቀን ሥራ እየፈለግን ነው (የትኛዋ እንደምትጽፍ ገምቱ)። ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ አዳማ፣ ከዚያ በሞጆ ታጥፈን ሻሸመኔን አለፍን። እናታችን መኪናው ድረስ መጥታ የቦኬ ቡና ቋጥራ ሰጥታናለች።

እኛ ባደግንበት ቀዬ ውሃ ማለት ቢጫ ጀሪካንና አህያ ነው። እዚህ ያ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ ተኝቷል። ጠዋት አሞራ ገደል ስንሄድ ልጆች ቆሮሶ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማታ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጥንዶቹን እያየን በነጻ እንዝናናለን።

ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው።

“የት አገር ልጆች ናችሁ?”
“የቦኬ።”
“የት ነው እሱ?”
“ከጭሮ ወዲያ።”
“ጭሮስ?”
“አሰበ ተፈሪ!”
“አሃ! እንደሱ አትሉም እንዴ!”

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። በኋላ አከራያችን የነዋሪነት መታወቂያ ጠየቁን። ፋይዳ አለን፤ ፋይዳ ግን ማን እንደሆንን እንጂ የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደሆንን አይናገርም። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ እኛ ደግሞ ከኦሮሚያ የመጣን ነን። ቀበሌ ስንሄድ “መሸኛ አምጡ” ተባልን።

እናታችን ጋር ደወልን። ረጅም ዝምታ።

“መሸኛ ለሄደ ሰው ነው” አለችን። “ስማችሁ ከቤቱ ፋይል ከወጣ እኔ ማን አለኝ ልበል?”

እኛ እኮ የሸኘችን መስሎን ነበር! ቡናውን የሰጠችን ለጉዞ እንጂ ለመለያየት አልነበረም። መልስ አጣን። እውነቱን ለመናገር እኛም ፈራን። መታወቂያ ከሌለን የዚህች ከተማ እንግዳ ነን፤ መሸኛውን ካወጣን ደግሞ የቦኬ እንግዳ ልንሆን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጉዳዩን በስልክ አላነሳነውም። አከራያችን ግን በየሳምንቱ ያነሱት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሳትነግረን መጣች። ሐይቁ ዳር አስቀመጥናት። ብዙ አየችው።

“ወዴት ነው የሚፈሰው?”
“የትም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።”

ራሷን ነቀነቀችና ከነጠላዋ ጫፍ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ፈታች። ማኅተም ያለው መሸኛ! አለቀስን። እሷ ግን ተቆጣችን።

“ምን ያስለቅሳችኋል? የሸኘሁት ወረቀቱን ነው።”

አሁን መታወቂያችን ላይ ሐዋሳ ተጽፏል። የት አገር ልጆች እንደሆንን ስንጠየቅ ግን አሁንም ከቦኬ ጀምረን አሰበ ተፈሪ ላይ እንጨርሳለን። ቡናው አልቋል፤ ሌላ እንድትልክልን ትናንት ደውለናል።