መንገድ አለ፣ መንገደኛስ?

ባለፈው ዓመት ከአጎቴ ልጅና ከቤተሰቡ ጋር ከቶሮንቶ እስከ ካልጋሪ በመኪና ሄድን። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኋላችን አልጋና ምድጃ ያለው ተሳቢ ቤት እየጎተትን፣ በመሸበት እያደርን፣ ቀስ ብለን ነው የተጓዝነው።

ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተሰሜን ኒፒጎን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወዳጆቼ፣ በካናዳ ምድር ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ እዚህ ላይ አንድ ድልድይ ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2016 እ.ኤ.አ. ገና አዲስ የነበረው ድልድይ ብሎኖቹ ተበጥሰው ወለሉ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ተነሣና ተዘጋ። መኪና ይዞ ለማለፍ በአሜሪካ በኩል መዞር ግድ ሆነ። በማግስቱ ግን በአንድ መስመር ተከፈተ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ኦንታሪዮ፣ ማኒቶባ፣ ሳስካቺዋን፣ አልበርታ፤ አራት ክፍለ ግዛት ስናቋርጥ አንድ ኬላ አላስቆመንም። "ከየት ናችሁ?" ያለን የለም።

እኛ አገር መንገድ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ድልድዩ ደህና ቆሞ ሳለ ነው። ሹፌር ይታገታል፣ ተሳፋሪ ማስለቀቂያ ይጠየቃል። ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው የእናቱን ቀብር በስልክ ይሰማል።

ስለዚህ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አስፋልት ተመረቀ" የሚል ዜና ስሰማ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሰው በሰላም ደርሶ ይመለስበታል ወይ?