የሲምዬ ኮረብታና የሽማግሌው መቀስ

ኒስ በፈረንሳይ አገር በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ከከተማዪቱ በላይ፥ ሲምዬ በሚባለው ኮረብታ፥ በወይራ ዛፎች መካከል አንድ ቀይ ቤት ይታያል፤ እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1963 ዓመት ጀምሮ የሠዓሊው የአንሪ ማቲስ ሙዚየም ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ በ1952 ዓመት የተሠራች አንዲት የተቀመጠች ሴት ሥዕል አለች። አካሏ ሁሉ ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ተቈርጦ በነጭ ላይ ተለጥፏል። ክንድን ከትከሻ፥ ጭንን ከባት የሚለየው በቍራጮቹ መካከል የቀረው ነጭ ክፍተት ነው። ተመልካች ወረቀት መሆኑን እያወቀ፥ ሥጋና አጥንት ያለው አካል ይመስለዋል።

ይህን ሲሠራ ማቲስ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በ1941 ዓመት ሆዱን ታሞ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ቆሞ መሥራት ጭንቅ ስለ ሆነበት፥ ረዳቶቹ ወረቀቱን ቀለም ይቀቡለት ነበር፤ እርሱም በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በአልጋው ሆኖ በመቀስ ይቈርጣል፤ እነርሱም እንዳዘዛቸው ከግድግዳው ላይ ያያይዙታል። በ1954 ዓመት ዐርፎ በዚያው ኮረብታ ተቀበረ።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የደከመ ሽማግሌ ቢኖር፥ ሥራው አለቀ ከማለትህ በፊት እጁ ሊይዘው የሚችለውን መሣሪያ ፈልግለት።