የማን ዜማ ነው?

ሰው የሰውን በግ ነድቶ ቢወስድ ሌባ ይባላል። የሰውን ዜማ ቢወስድ ግን ይጨበጨብለት ይሆናል። ለእኔ አንድ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል። ዕድሜዬ ስድሳን አልፎአል፤ ጠመኔም ከእጄ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ጧት ጧት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር። መምህራችን በእግር እየተረገጠ ነፋስ የሚሞላውን ኦርጋን ይመቱ ነበር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚባለውን የድምፅ መሰላልና በአምስት መስመር ላይ የሚጻፈውን ኖታ ማንበብ ከዚያ ተማርሁ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «እስቲ አንተ ደግሞ አንድ ዜማ አምጣ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ዜማ ማለት በመጽሐፍ ታስሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. አስተማሪ ሆኜ ብቸና ገባሁ። የተመደብሁት ለአማርኛ ትምህርት ነበር፤ ኖታ ማንበቤ በተሰማ ጊዜ ግን የትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን በእኔ ላይ ወደቀ። በደርግ ዘመን በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ፤ በዓል በመጣ ቁጥር መፈክሩ በዜማ እንዲቀርብ ይፈለግ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ለሚከበረው ለሠራተኞች ቀን «አዲስ መዝሙር ይዘጋጅ፤ ከተማሪዎችም የሚችል ካለ ያምጣ» ተባለ። እኔም ይህንኑ በክፍል ውስጥ ተናገርሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተነሣ። ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር፣ ሲጠሩት ካልሆነ የማይናገር ልጅ ነበር። ከጋቢው ውስጥ ዋሽንት አወጣና «ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር አውጥቻለሁ» አለኝ። ነፋው። ዜማው ከታች ይነሣና ወደ ላይ ሲወጣ መካከል ላይ ቆም ይላል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ዘወር ብሎ የመጣበትን መንገድ እንደሚያይ ያለ ነው። ከዚያ በትዝታ የተጀመረው ወደ አምባሰል ይታጠፋል። ያን ጊዜ ይህን መታጠፍ ስሕተት ነው አልሁ።

«ይህን ከማን ሰማኸው?» አልሁት።

«ከማንም አልሰማሁም፤ የራሴ ነው ጋሼ።»

«እረኞች የሚነፉትን ሰምተህ፣ እርሱንም አበላሽተህ፣ የራሴ ነው ማለት ውሸት ነው። ተቀመጥ።»

ልጆቹ ሳቁ። እርሱም ዋሽንቱን ወደ ጋቢው መልሶ ተቀመጠ።

በዚያው ሌሊት እኔ መዝሙሩን «ደረስሁት»። በልጅነቴ ከዘመርኋቸው የሚሲዮን መዝሙሮች የአንዱን ዜማ እንዳለ ወሰድሁና ስለ ሠራተኞች አንድነት የሚናገር ግጥም ሞላሁበት። በሚያዝያ 23 ቀን ሃይማኖትን እንደ ጠላት በሚቆጥሩት ባለ ሥልጣኖች ፊት ተዘመረ፤ ብቸና ውስጥ ዜማውን ያወቀ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም። «የዜማው ደራሲ» ተብዬ ስሜ ተጠራ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ቀና ስል ያንን ልጅ ከኋላ ረድፍ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ወደ ኪነት ቡድኑ አልመጣም። እኔም አልጠየቅሁትም። ስድስት ዓመት ብቸና ስኖር በቅርብ ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን እንኳ ሄጄ አላየሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑን እያወቅሁ አልሄድሁም። የሚሲዮን ተማሪ ነበርሁና የቆሎ ተማሪ ምን ያስተምረኛል የሚል ትዕቢት ነበረብኝ።

ትዕቢቴ የተነካው ሞጣ ነው። በ1980 ዓ.ም. ወደዚያ ተዛወርሁና አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ጎረቤት ሆኑኝ። የኔታ እያልሁ ማታ ማታ እየሄድሁ ከደጃቸው እቀመጥ ነበር። ተማሪዎቻቸው አኩፋዳቸውን ይዘው ለምነው የሚበሉ፣ ደበሎ የለበሱ ልጆች ናቸው። ቀን በየዛፉ ሥር፣ በየቁጥቋጦው አጠገብ ለየብቻቸው ተቀምጠው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያቸዋለሁ። በመጀመሪያ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ቅኔ ቆጠራ ላይ መሆናቸውን ተረዳሁ። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰሙንና ወርቁን ፈትተው ያሳያሉ፤ ተማሪው ደግሞ ለብቻው ሄዶ የራሱን ቆጥሮ ይመጣና ይነግራል። መምህሩም ያርሙታል። ጀማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ቀስ እያለ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ቢደገም ነውር ነው።

እዚህ ላይ እንዳላሳስትህ፤ በቅኔ ቤት አዲስ የሚሆነው ቃሉና ምስጢሩ ነው እንጂ ዜማው የታወቀ ነው። በዜማ ቤትማ ከቅዱስ ያሬድ የመጣ ነው የሚባለውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተማሪው አንዲት ምልክት ሳያጎድል ይቀበላል፤ ከልቡ አውጥቶ ቢጨምርበት ይገሠጻል። አንዱ ቤት መጠበቅን፣ ሌላው መውለድን ያስተምራል። እኔ በልጅነቴ ያገኘሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከሌላ አገር ዜማ።

አንድ ማታ «የኔታ፣ ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ በምን ያውቁበታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የራሱ ከሆነ እንከን አለበት» አሉኝ። «ጀማሪ እንከን የሌለው ቅኔ ይዞ ሲመጣ ነው ከማን እንደ ወሰደው የምጠይቀው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁን የከሰስሁበት ያ መታጠፍ የራሱ ለመሆኑ ምስክር ነበረ። እንከን ያልነበረው የእኔ መዝሙር ነው።

ከዚያ በኋላ ሞጣ ውስጥ በየሐሙሱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፈቃደኛ የሆኑትን ልጆች ሰበሰብሁ። መሣሪያ አልነበረንም፤ ጉሮሮ፣ ጭብጨባና የዴስክ ጠርዝ ነበረን። በትዝታም ሆነ በባቲ ያሉት ድምፆች አምስት ናቸው፤ እኔ ለጀማሪው ሦስቱን ብቻ እሰጠዋለሁ። በእነዚያ ሦስት ድምፆች እንደ ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ዜማ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይመልሳል። ሁሉም ለየብቻው ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ይሄዳል፤ ሁለት ሆኖ መቀመጥ ክልክል ነው። ግጥም የቸገረውን ልጅ የእናቱን ስም ደጋግሞ እንዲጠራ አዘዋለሁ፤ የአማርኛ ስም የሚጠብቀው ፊደልና የሚላላው ፊደል ምቱን ራሱ ያመጣዋልና። ሲመለሱ እኔ ዜማቸውን አልለውጥም። «እዚህ ላይ ለምን ወረድህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ደስ ስላለኝ» የሚል መልስ መቀበል ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

አብዛኛው ዜማ መጥፎ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከሬዲዮ የሰሙትን የሚያመጡም ሞልተው ነበር። አንዲት ልጅ ግን ዘምራ ስትጨርስ ሳልጠይቃት «የመጀመሪያው ቤት እናቴ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነው፤ ሁለተኛው የእኔ ነው» አለችኝ። እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ በሕዝብ ፊት ለማለት ያልደፈርሁትን አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ አለችው።

በ1982 እ.ኤ.አ. የሞተው ካርል ኦርፍ የሚባል ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ሕፃናትን በጭብጨባ፣ በከበሮና በጥቂት ድምፆች ዜማ እንዲያወጡ የሚያደርግ ትምህርት እንዳቋቋመ ኋላ አነበብሁ፤ እኔ ግን ያገኘሁት ከየኔታ ደጅ ነው። ደግሞም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመራው አሸናፊ ከበደ አሜሪካ አገር ሮቼስተር ተምሮ ካወጣቸው ድርሰቶች በታወቀው ውስጥ ዋሽንት ነፊ እረኛን ርእስ አድርጎ ለኦርኬስትራ ጻፈ። እኔ ክፍል ውስጥ ያሳፈርሁት እረኛ ለእርሱ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖለት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ለለቅሶ ብቸና ሄጄ ሳለ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው «ጋሼ!» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ያ ልጅ ነበር። ጠጉሩ ሸብቶ፣ የእህል ወፍጮ ከፍቶ፣ አራት ልጆች ወልዶ አገኘሁት። ጠላ ቤት ይዞኝ ገባ። በዚያ ስለ መዝሙሩ ዜማ፣ ከየት እንደ ወሰድሁትና እርሱን ምን እንዳልሁት አንድ በአንድ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ሳቀ።

«እኔ እኮ ረስቼዋለሁ ጋሼ። ዋሽንቱንም ያኔውኑ ተውሁት። ምን ዓይነት ነበር?»

በፉጨት አሰማሁት። ከታች ተነሥቶ ሲወጣ፣ መካከል ላይ ቆም ብሎ የመጣበትን ዘወር ብሎ ሲያይ። እርሱም ዋንጫውን አስቀምጦ አዳመጠ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አልያዝሁትም።