ጭልፋዋ ኮከብ፣ ባሮና የዶሮ ቤታችሁ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አልጽፍም፤ ስለ ሰማይ ነው። ግን ዶሮ ቤት ጋ ስለምንደርስ እስከ ታች አንብቡት።

ግንቦት ውስጥ፣ ደመና የሌለበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ገደማ ውጡና ፀሐይ የምትወጣበትን በቀኝ፣ የምትገባበትን በግራ አድርጋችሁ ቁሙ። ፊታችሁ ሰሜን ነው። ሰባት ኮከቦች ታያላችሁ፤ አራቱ እንደ ጎድጓዳ ዕቃ፣ ሦስቱ እንደ እጀታ። የተገለበጠ ጭልፋ በሉት። (ወደ ባሮ ዳር ግን አትጠጉ፣ አዞው ኮከብ አያይም። ለወባ ትንኝም ሙሉ ልብስ ልበሱ።)

ሕዝቡ ሁሉ እነዚህን ኮከቦች በሚያውቀው ነገር ነው የጠራቸው። ግሪኮች ድብ አሏቸው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ኢዮብ ምዕራፍ 9 ላይ ድብ የሚባል ኮከብ አለ። ዐረቦች አራቱን ቃሬዛ፣ ሦስቱን አስከሬን ተከትለው የሚሄዱ ልጃገረዶች አድርገዋቸዋል። የጥንት ግብፆች ደግሞ የበሬ የፊት እግር አሏቸው። የባሮ ውሃ በሶባት አድርጎ ነጭ ዓባይ ገብቶ እነሱ ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ የኛን ውሃ እየጠጡ ነበር ወደ ላይ የሚያዩት። እንግሊዞች ማረሻ ይሏቸዋል፣ ሮማውያን ሰባቱ የእርሻ በሬዎች። እኔ የሮማውያኑ ነው የተመቸኝ። ድብ አገራችን የለም። እኛ ጋ በገንዲ የተነሳ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ብዙ ባይኖርም፣ በሬ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ዶሮ ቤቱ። ከእጀታው ራቅ ብለው ያሉትን ሁለት የጎድጓዳዋን ጠርዝ ኮከቦች በሐሳብ መስመር አገናኙና፣ መስመሩን ከጎድጓዳዋ አፍ በኩል የመካከላቸውን ርቀት አምስት ጊዜ ያህል አስቀጥሉት። የሚገኘው የሰሜን ኮከብ ነው። ጋምቤላ ላይ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ ከጡጫው ውፍረት ያነሰ ነው ከአድማስ የሚነሳው። ዛፍ በቀላሉ ይሸፍነዋል፣ ገላጣ ቦታ ፈልጉ። እዚያ አቅጣጫ እንጨት ትከሉ። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስተኙት፣ አጫጭር ጎኖቹ ወደ ፀሐይ መውጫና መግቢያ ይሁኑ። በየካቲትና መጋቢት ሙቀት የከሰዓት ፀሐይ በሰፊው ጎን ከገባ ዶሮ መኖ ትተዋለች፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ ትሞታለችም። "ስልኬ ኮምፓስ አለው" የምትሉ አላችሁ። ጥሩ፤ ግን ቆርቆሮ አጠገብ ወይም ማግኔት ያለው ሽፋን ካለው ይዋሻል።

ጭልፋዋ የቀን መቁጠሪያም ናት። በየካቲት መጨረሻ ማታ በሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች። በነሐሴ መጨረሻ ገና ሲመሽ በሰሜን ምዕራብ ጎድጓዳዋ ቀድማ ትጠልቃለች፣ ባሮ ሲሞላ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ነው የሚመስለው (ደመናው ካሳያችሁ)። ጥቅምት ላይ ማታ አትታይም።

ግን ኮከብ ቀን ይነግራል እንጂ ውሃ አይነግርም። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሕዝብ የደቡብ ሰማይ ኮከቦች ሲጠልቁ እያየ የኦሞን ሙላት ይከታተል እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈዋል። ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። ኮከቡ ዛሬም ጊዜውን ጠብቆ ይጠልቃል፣ ያ የድሮው ሙላት ግን የለም። የኛ ባሮ እንደዚያ አልተገደበም፣ ቢሆንም የሚሞላበትና የሚሸሽበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ውሃው በሸሸበት ዳርቻ በቆሎ ከመዝራታችሁ በፊት አፈሩን ጨብጡት። ውሃ ከጠበጠበ ቆዩ። ድቡልቡል ሆኖ በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ዝሩ። ሳይጨበጥ ከተበተነ ዘግይታችኋል፤ እዚያ ላይ ዘር አታባክኑ፣ ዝቅ ወዳለው እርጥብ ቦታ ውረዱ።

በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንግርኛ ይችን ጭልፋ ምን ትሏታላችሁ? ሽማግሌዎቹን ጠይቁና ድምፃቸውን ቀድታችሁ ላኩልኝ። የትኛው ወር ላይ ምን ይዘሩ እንደነበርም አብራችሁ ጠይቁልኝ።