«አላየሁትም» ስለ ማለት

በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ሥራችን ልዩ ልዩ ቃል በመዝገብ ስናሰፍር ኖረናል። በመኪና አደጋ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ተከሳሹ «አላየሁትም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይናገርም፤ ሰካራም ወይም ልበ ደንዳናም አይደለም። ስለዚህ ይህን ነገር በቤተሰብ ገጽ ለማንሣት ያሰብነው ክፉ ሰው ስለሚሠራው በደል ለመናገር አይደለም፤ ደኅና ሰው፥ የቤት ጌታና የልጆች አባት የሆነ ሰው፥ በአንድ ቅጽበት ስለሚያደርሰው ጥፋት ነው እንጂ።

ከብዙዎቹ አንዱን እንናገር። አንድ ሰው በሰፊ መንገድ ሲነዳ ከፊቱ የጭነት መኪና እያዘገመ ሄደበት። ሰውዬውም ፍሬቻ አሳይቶ፥ የግራውን ስፖኪዮ ተመልክቶ፥ መንገዱ ባዶ መስሎት ለመቅደም ወደ ግራው ረድፍ ወጣ። በዚያ ረድፍ ግን ከጐኑ አንድ ወጣት በሞተር ብስክሌት ይሄድ ነበርና ተጋጩ፤ ወጣቱም ሞተ። በችሎቱ ቀን የሟች እናት በአንድ ወገን፥ የተከሳሹ ሚስት በሌላው ወገን ተቀምጠው ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ተከሳሹም «ስፖኪዮውን አየሁ፤ ማንም አልነበረም» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ እኛም እንዳለው ጻፍነው። ስፖኪዮውን ማየቱ እውነት ነው፤ ማንም አልነበረም ማለቱ ግን እውነት አልሆነም። በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ መኪና ለሚነዳ ሁሉ የሚገባ ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት ከደገምን በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ አንድ መምህራችን ያሳየን ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፥ ከርሱም 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ በቀኝ በኩል ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። ከዚያ ግራ ዐይንን ሸፍኖ፥ በቀኝ ዐይን መስቀሉን ብቻ እያዩ፥ ወረቀቱን ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዞ ጥቂት ማቅረብና ማራቅ ነው። በአንድ ስፍራ ላይ ነጥቡ ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን ነገር በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጸው የፈረንሳይ ሊቅ ኤድም ማርዮት ነው። ምክንያቱም የማየት ጅማት ከዐይን ወጥቶ ወደ አንጐል በሚሄድበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ነገር ስለሌለ ነው። አንባቢዎቻችን ከልጆቻቸው ጋር ይሞክሩት። እጅግ የሚያስደንቀው የነጥቡ መጥፋት ሳይሆን፥ በነጥቡ ፈንታ ቀዳዳ ወይም ጨለማ አለመታየቱ ነው። ያልታየው ስፍራ በዙሪያው ባለው ነጭ ተሞልቶ ስለሚታይ፥ ሰው «እዚህ ላይ አላየሁም» አይልም፤ «እዚህ ላይ ምንም የለም» ይላል።

የመኪና ስፖኪዮም እንዲሁ ያታልላል። የውስጡ መስተዋት በቀጥታ ኋላን፥ የጐኑ መስተዋት ከጐን በስተኋላ ያለውን ያሳያል፤ ነጂውም በዐይኑ ጥግ ከጐኑ ያለውን ጥቂት ያያል። በእነዚህ መካከል ግን በኋለኛው በር አጠገብ አንዳቸውም የማይደርሱበት ስፍራ ይቀራል፤ በዚያም ሞተር ብስክሌት ብቻ ሳይሆን ታናሽ አውቶሞቢል ሊሰወር ይችላል። በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ደግሞ ይህ ስፍራ በጣም ይሰፋል። መስተዋቱ ወደ ውጭ የጐበጠ እንደ ሆነ ብዙ ስፍራ ቢያሳይም፥ የሚመጣውን መኪና አሳንሶና አርቆ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የ500 ማይል የመኪና እሽቅድምድም፥ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ኋላቸውን የሚመለከትላቸው ረዳት አሳፍረው ሲነዱ፥ ሬይ ሃሩን የተባለው ሰው መስተዋት ተክሎ ብቻውን ነድቶ አሸነፈ። በአገራችንም የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፥ እጁን ዘርግቶ፥ ሾፌሩ ረድፍ እንዲቀይር ሲያግዘው እናያለን። በቤት መኪና ግን ረዳት የለም፤ የነጂው ረዳት የገዛ አንገቱ ነው።

አገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመንዳቱን ሥርዓት ከግራ ወደ ቀኝ ስላዞረች፥ ከዚያ ወዲህ የሚቀድም ሰው በግራ በኩል ይወጣል። በጠባብ መንገድ የሚቀድም ሰው ፊት ለፊት የሚመጣውን ስለሚፈራ ይጠነቀቃል። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ፥ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው ባለ ስድስት ረድፍ የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ግን፥ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱት ስለ ተለዩ ልብ ይዘነጋል። አደጋው ከፊት ወደ ጐን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ሕግም «አላየሁትም» ስለ ተባለ ብቻ ነጂውን አይለቀውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ሲናገር፥ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የገመተውን ብቻ ሳይሆን፥ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላሰበውንም ይጨምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ ራሱ ያጠፋው ነገር ባይኖር እንኳ፥ ኀላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ለልጁ ወይም ለሾፌሩ ቍልፍ የሚሰጥ ጌታ፥ ቍልፉ ከእጁ ቢወጣም ኀላፊነቱ ከእጁ እንዳልወጣ ይወቅ።

የበኵር ልጃችን መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሰሞን ቍልፍ ለመነን። ስለዚህ ነገር ብንመክረው «አባቴ፥ አያስቡ፤ ሁሉን በስፖኪዮ አያለሁ» አለን። እኛም መኪናው በግቢ ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በነጂው ወንበር አስቀመጥነው፤ ታናሽ እኅቱንም ከመኪናው ጐን 2 ሜትር ያህል ራቅ ብላ፥ ከኋላ ጀምራ በዝግታ ወደ ፊት እንድትመጣ አዘዝናት። እርሱም በስፖኪዮ እያየ «አለች፤ አለች» ይል ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ «የለችም» አለ። «ልጄ፥ እኅትህ ወዴት ሄደች?» ብንለው አንገቱን አዙሮ ተመለከተ። እርስዋ በኋለኛው መስኮት ትክክል ቆማ ትስቅ ነበር፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ያን ቀን ለልጃችን የነገርነውን ለአንባቢዎቻችንም እናካፍላለን። እ.ኤ.አ. በ1995 ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የስፖኪዮን አቀማመጥ መርምሮ እንዳስረዳው፥ ብዙ ሰው የጐኑን መስተዋት የገዛ መኪናውን ጐን እንዲያሳይ አድርጎ ያቆመዋል፤ ይህ ግን ስፍራ ማባከን ነው። ራስን ወደ ግራው መስኮት አስጠግቶ፥ የመኪናው ጐን በጭንቅ ብቻ እስኪታይ ድረስ የግራውን መስተዋት ወደ ውጭ መግፋት፥ ለቀኙም ራስን ወደ መካከል አዘንብሎ እንዲሁ ማድረግ፥ የተሰወረውን ስፍራ በብዙ ያጠበዋል።

ረድፍ ለመቀየር ሲያስቡ አስቀድሞ የውስጡን መስተዋት፥ ቀጥሎ የጐኑን ማየት፥ ፍሬቻ ማብራት፥ በመጨረሻም በትከሻ ላይ ዞር ብሎ ማየት ይገባል። ፍሬቻ ማስታወቂያ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ዞር ብሎ ማየቱም አጭር ይሁን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ ከፊት ካለው መኪና አስቀድሞ መራቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜም ሁለት ረድፍ ተሻግሮ መዝለል አይገባም። በጭነት መኪና ጐን ትክክል ሆኖ መዘግየትም መልካም አይደለም፤ እኛ ሌላውን እንደማናይ፥ ሌላውም እኛን ላያይ ይችላልና።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እንግዲህ በየቤቱ ቍልፍ ከመሰጠቱ በፊት ይህች ትንሽ ፈተና በግቢ ውስጥ ትደረግ። «የለም» ከማለቱ በፊት «ምናልባት አላየሁ ይሆናል» ብሎ አንገቱን የሚያዞር ልጅ ያሳደገ ቤተሰብ፥ የራሱን ልጅ ብቻ ሳይሆን የሰውንም ልጅ ጠበቀ።