ከአንደበት በፊት ጆሮ፦ የአንድ ተማሪ ድረ ገጾች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአገልግሎት መካከል ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፤ «ወንድማችን፣ በኢንተርኔት ላይ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በስልካችን የምናየውና የምንሰማው ነገር ቀስ በቀስ ልባችንን ይቀርጻልና። እኔ በዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህ ሙያ መናገር የዘገየባቸውን ሕፃናት፣ የሚንተባተቡትን፣ ከስትሮክ በኋላ ቃል የጠፋባቸውን፣ ምግብ መዋጥ የሚከብዳቸውንም ጭምር የሚረዳ ነው። ለዕረፍቴ፣ ለዝንባሌዬና ለትምህርቴ የምጎበኛቸው ድረ ገጾች ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ነገር ያስተምሩኛል፤ እርሱም መስማት ነው። መስማትን ያልተማረ ሰው የሌላውን አንደበት ከመርዳቱ በፊት ይፈርድበታል።

ለዕረፍት

ከጥናት ሲደክመኝ የብራና መጻሕፍትን እመለከታለሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ቦታ ነው። ዛሬ የተመዘገበ ሰው ብዙዎቹን ያለ ክፍያ በድረ ገጹ ያነባል።

ብራናው ለሙያዬም ትምህርት አለው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፤ «አ፣ ዐ» የሚሉትን ፊደላት ዛሬ በአማርኛ ለይተን አንጠራቸውም። ጥንት ግን እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን «ሐ»ንና «ዐ»ን እስከ ዛሬ ለይተው ይጠራሉ። ስለዚህ አንዱ ሕዝብ የተወውን ድምፅ ሌላው ጠብቆት ቢገኝ ልዩነት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

ለዝንባሌ

እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ «ዜኖ ካንቶ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የቀዱትን የወፎች ድምፅ በየዝርያው አሰባስቦ በነጻ ያሰማል። በደቡብ ኦሞ የሚኖር ሰው ማለዳ የሚቀሰቅሰው የወፍ ድምፅ ነውና፣ የቆቁን፣ የጅግራውንና የርግቡን ድምፅ ከዚያ ከተቀዳው ጋር ማስተያየት ደስ ያሰኛል። ጨዋታ ቢመስልም ጆሮን ይስላል። ሁለት ተቀራራቢ የወፍ ድምፆችን መለየት የለመደ ጆሮ፣ ሕፃኑ «ተ» አለ ወይስ «ጠ» የሚለውንም በትዕግሥት ይለያል።

ለትምህርት

የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ድረ ገጽ ነው፤ በአጭሩ «አሻ» ይሉታል። የእያንዳንዱን ችግር ምልክት፣ የምርመራውን መንገድና የሕክምናውን ዓይነት ከፋፍሎ ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ማልኮም ፍሬዘር የተባለ፣ ራሱም ይንተባተብ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 የመሠረተው «ስታተሪንግ ፋውንዴሽን» ነው። ለወላጆችና ለመምህራን የሚሰጠው ምክር ያለ ገንዘብ የሚፈጸም ነው፦ ልጁ ሲናገር ፊቱን ተመልከቱ፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ «ቶሎ በል» አትበሉት፣ እናንተም ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፎነቲክስ ማኅበር ያዘጋጀው የድምፆች ሠንጠረዥ ነው፤ ምልክቱን ሲነኩት ድምፁን ያሰማል።

ይሁን እንጂ እነዚህን ገጾች ስንጠቀም ማስተዋል ይገባናል። አብዛኛው የመለማመጃ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ነው። በአማርኛ ለሌለ፣ ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተው ለሚጠሩት ድምፅ ብዙ ልምምድ ይገኛል፤ ለእኛ «ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ» ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ድረ ገጹ መንገዱን ያሳያል እንጂ ልጁን አያውቀውም።

አርቦሬ ላይ

ይህን በተግባር ያየሁት በክረምት ዕረፍት፣ ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈርና በወይጦ በኩል ለአገልግሎት ወደ አርቦሬ በወረድን ጊዜ ነው። አርቦሬ ከወይጦ በስተ ደቡብ፣ ወደ ጨው ባሕር በሚያመራው ቆላ ይገኛል። ሕዝቡ ከኩሻዊ ቋንቋዎች ወገን የሆነ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ዲክ ሄይዋርድ የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለዚህ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሟል። በዙሪያው ሐመር፣ ፀማይና ቦረና ስላሉ አንድ ልጅ አማርኛን ከመስማቱ በፊት ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሊሰማ ይችላል። በመንገድ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ የሚያስፈልጉኝን ገጾች ጂንካ ሳለሁ በስልኬ አውርጄ ነበር።

ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ቢናገርም የአማርኛውን ቃል ይሰብራል። አብሮን ያገለግል የነበረ አንድ ወንድም «አንደበቱ የታሰረ ነው» አለ። ካወረድኋቸው የአሻ ገጾች አንዱ ግን፣ በሁለተኛ ቋንቋ ላይ የሚታይ የአነጋገር ልዩነት በራሱ ሕመም እንዳልሆነ፣ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዴት እንደሚናገር አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል። በአስተርጓሚ የልጁን እናት ጠየቅን። ሳቁና፣ ከብት ሲጠብቅ ለጓደኞቹ ተረት የሚነግረው እርሱ መሆኑን ነገሩን። ልጁ ምንም አልጎደለውም፤ አማርኛን ገና እየተማረ ነበር።

በዚያው ጉባኤ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በአርቦሬኛም ስትናገር የመጀመሪያውን ድምፅ ደጋግማ ትይዘዋለች፣ ፊቷም ይጨነቃል። አያቷ ይህ የጀመራት ገና በሕፃንነቷ እንደሆነ ገለጹልን። ይህ መንተባተብ ነው። እርሷ የሚያስፈልጋት ባለሙያና ታጋሽ ቤተሰብ ነው። የሁለቱ ልጆች ዝምታ ለሩቅ ሰው አንድ ይመስላል፤ በቋንቋቸው ለጠየቃቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ሕክምና ብናዝዝ፣ ሁለተኛዋንም «ስታድግ ይተዋታል» ብለን ብናልፍ፣ ሁለቱንም በደልን።

ለእኛ የሚሆን ምክር

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ (ማር. 7፥31-37) ጌታችን ደንቆሮና ኮልታፋ የሆነውን ሰው አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን እንደ ወሰደው ይነግረናል። የፈወሰው ለብዙዎች መዝናኛ ሳያደርገው ነው። ዛሬ ግን የሚንተባተብ ሰው ሲናገር ቀርጾ በቲክቶክ ለሳቅ መልቀቅ በወጣቶች ዘንድ እንደ ቀልድ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ አንቅረጽ፣ አናጋራ፣ «ላይክ»ም አንስጠው። «በዐሥር ቀን መንተባተብን እናጠፋለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾችንም እንጠንቀቅ። ጸሎትና ጠበል የሚሻ ወላጅም ልጁን ወደ ባለሙያ ከመውሰድ አይከልከል፤ ሁለቱ አይጣሉምና።

በየዓመቱ ጥቅምት 12 ዓለም አቀፍ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ይታሰባል። በዚያ ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ምንባብ ሲሰጥ፣ ሁልጊዜ ቀልጣፋ ለሆነው ብቻ ሳይሆን ለሚዘገየውም ወንድማችን እንስጠው፤ እስኪጨርስም ዝም ብለን እንስማው። ሙሴ አንደበቱ ከባድ እንደሆነ ሲናገር እግዚአብሔር ከአገልግሎት አላሰናበተውም፤ ወንድሙን አሮንን አጠገቡ አቆመለት እንጂ። እኛም ለሚቸገረው አሮን እንድንሆንለት አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።