«ቲቸር፣ ብሎንን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?»

ባለፈው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የድሮ ተማሪዬ ሆና አገኘኋት። «ቲቸር!» ብላ ማስኳን አውርዳ ሳመችኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አፌን አስከፍታ አየችና «ይቺ መንጋጋ ከተነቀለች ስንት ጊዜ ሆናት?» አለችኝ። አራት ዓመት። ያኔ «ትነቀልና ይገላገሉ» ተባልኩ፣ ተገላገልኩ። ቦታው ቀጥሎ ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም።

ራጁን አሳየችኝ። አጥንቱ ሳስቷል። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል፣ ቀስ በቀስ በአጥንት ይተካል። ግን ጥርስ ስለሌለ ግድግዳው፣ በተለይ በጉንጭ በኩል ያለው ስሱ፣ እየተሸረሸረ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ስፋቱ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚሄደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

ከመሳቢያዋ ሁለት ኢምፕላንት አወጣች። የታይታኒየም ብሎኖች ናቸው። አንዱ ከላይ እስከ ታች ወጥ፣ ሌላው እንደ ጥርስ ሥር ወደ ጫፉ የሾለ። «ብሎን ማለት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ዳገት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?» አለች። የሾለው ገና በተነቀለ ጉድጓድ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ለመያዝ ይመቻል። የብሎኑ ጥርሶች ደግሞ የማኘክን ጫና ለአጥንቱ ያካፍላሉ።

«እንግዲያው አጥብቆ ማሰር ነዋ!» አልኩ። ሳቀች። ከልክ በላይ ከጠበቀ አጥንቱ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀው ይሞታል። በብሎኑ ጥርሶች መሃል ትንሽ ክፍተት ከተገኘ ግን ደም ይገባና አዲስ አጥንት እዚያው ይበቅላል። መጀመሪያ የሚይዘው ብሎኑ ነው፣ በኋላ የሚይዘው አጥንቱ። ወራት የሚያስጠብቁን ለዚህ ነው። ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ደግሞ ብቻውን የአጥንቱን መሳሳት አያስቀርም።

ለኔ መጀመሪያ አጥንት መጨመር ያስፈልጋል አለችኝ። ዋጋውን ስሰማ የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ በልቤ አሰላሁ። ሒሳብ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ በአንድ በኩል እያኘክሁ ነው።

ልጆቼ፣ ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሳይነቀል መዳን አይችልም ወይ? ከተነቀለስ ቦታው በምን ይተካል፣ መቼ?

ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ «ጥያቄ ያለው?» እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ተራዬ ሲደርስ ዝም አልኩ። በልጅቷ ግን ኮርቻለሁ።